መነሻውን ፍለጋ የሄደው መርከብ፦ ስለ «ፕሮሜቴዎስ» ፊልም ያለን አስተያየት

ሰሞኑን በማደሪያችንና በምግብ አዳራሹ በር ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ እንደ ወትሮው ስለ ወጡ መቅጠን ወይም ስለ ፈተናው ቀን መገፋት አይደለም። ስለ አንድ ፊልም ነው። ፊልሙ «ፕሮሜቴዎስ» ይባላል። በፍላሽ እየተገለበጠ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ሰንብቶ ያየውን ሰው ሁሉ ሁለት ቦታ ከፍሎታል። አንደኛው ወገን «ከዚህ የጠለቀ ፊልም አላየንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሁለት ሰዓታችንን የበላ ቅዠት ነው» እያለ ይስቃል። መምህራኖቻችንም ሳይቀሩ ጎራ ለይተዋል። እኛም የዚህ ገጽ አዘጋጆች እርስ በርሳችን እንዲሁ ተከፍለን ስለ ነበር፣ ፊልሙን እንደገና አብረን አይተን፣ ተከራክረን፣ በመጨረሻ የተስማማንበትን ሐሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

«የሰው አገር ፊልም ምን ያገባናል? ሻሸመኔ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጠፈር ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ፊልሙ የሚጠይቀው «ሰው ከየት መጣ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ በፊት የሚያገባው ሰው ቢፈለግ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚማር ተማሪ የሚቀድም ያለ አይመስለንም።

ፊልሙን ላላዩት ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1979 ሪድሊ ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ አዘጋጅ «ኤሊየን» የተሰኘ ፊልም ሠራ። ሰባት ሠራተኞች የያዘ የጭነት መንኰራኵር በጠፈር ሲጓዝ አንድ ምልክት ይሰማና ወደማይታወቅ ዓለም ይወርዳል። በዚያም ሠራተኞቹ በወደቀ እንግዳ መርከብ ውስጥ የአንድ ፍጡር ሬሳ ያገኛሉ። ሬሳው ከሰው እጅግ የገዘፈ ነው፤ ከተቀመጠበት ወንበር ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል፤ ደረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ፈንድቷል። ይህ ማን ነው? ከየት መጣ? ፊልሙ አንድም ቃል ሳይመልስ ያልፋል። ተመልካቹም ያንን ሬሳ 33 ዓመት ሙሉ በልቡ ይዞት ኖረ።

በ2012 ያው አዘጋጅ ተመልሶ «ፕሮሜቴዎስ»ን አወጣ። ይህኛው ኋላ ተሠርቶ ፊት የሆነውን የሚተርክ ነው። የ«ኤሊየን» ታሪክ በ2122 ሲሆን የዚህኛው በ2093 ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው። ኤልሳቤጥ ሾውና ቻርሊ ሆሎዌይ የተባሉ ሁለት የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ተራርቀው ይኖሩ የነበሩ የጥንት ሕዝቦች አንድ ዓይነት ሥዕል ስለው እንደ ነበር ይደርሱበታል። ሥዕሉ አንድ ግዙፍ ሰው ወደ ከዋክብት ሲያመለክት ያሳያል። «ይህ የሠሪዎቻችን ጥሪ ነው» ብለው ያምናሉ። ዌይላንድ የተባለ ባለጸጋ ሽማግሌ ገንዘቡን አፍስሶ መርከብ ያዘጋጅላቸዋል። መርከቡም ከአማልክት እሳት ሰርቆ ለሰው ሰጠ ተብሎ በድንጋይ ላይ በታሰረው በግሪኮቹ ፕሮሜቴዎስ ስም ይጠራል። ሄደው ይደርሳሉ። ያገኙት ግን የአባት ቤት አይደለም፤ ሰውን ለማጥፋት የተዘጋጀ የመርዝ መጋዘን ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንሂድ። በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር።

አንደኛ፣ ፊልሙ ትልቅ ነገር ለመጠየቅ ደፍሯል። ከዚህ ወገን የሚወጡት ፊልሞች አብዛኞቹ «ጭራቁ ማንን ይበላ ይሆን?» ከሚለው አልፈው አይሄዱም። ይህኛው ግን «የሠራህ ቢጠላህስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሾው ከአባቷ የወረሰችውን መስቀል ባንገቷ አስራ ትጓዛለች። ሠሪዎች የተባሉት ሲገኙ ጓደኛዋ ከእንግዲህ መስቀሉን ልታወልቀው ትችላለች ሲላት፣ እነሱንስ ማን ሠራቸው የሚል መልስ ትሰጠዋለች። ሳይንስና እምነት በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ሳይገዳደሉ አብረው ሲኖሩ የሚያሳይ ፊልም ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ዳዊድ የተባለው ሰው ሠራሽ ሰው አለ። ማይክል ፋስቤንደር ነው የሚሠራው። ሌሎቹ በመንገድ ላይ ለሁለት ዓመት ሲተኙ እሱ ብቻውን ነቅቶ መርከቡን ይጠብቃል፤ ቋንቋ ይማራል፤ የድሮ ፊልም እያየ ጠጕሩን እንደ ተዋናዩ ይቀባል። ሠሪዎቹን ያገለግላል፤ እነርሱም እንደ ዕቃ ያዩታል። አንድ ጊዜ ሆሎዌይን ለምን እንደ ሠሩት ይጠይቀዋል። ሆሎዌይም ስለ ቻልን ነው ብሎ በቸልታ ይመልሳል። ዳዊድም ይህንኑ መልስ እናንተ ከሠሪያችሁ ብትሰሙ ምን ያህል እንደምታዝኑ አስቡ ይለዋል። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ነፍስ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ አለች። ሎሌ ጌታውን እንዲህ አድርጎ ሲመዝነው ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ አይረሳውም።

ሦስተኛ፣ የዓይን ሥራው ነው። የመክፈቻው ትዕይንት የተቀረጸው በአይስላንድ ዴቲፎስ ከተባለው ፏፏቴ ዘንድ ነው። ግዙፎቹ ዋሻዎች በእንጨትና በጂፕሰም የተገነቡ እንጂ ሁሉም በኮምፒዩተር የተሣሉ አይደሉም። በምስል ጥበቡም ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። አይስላንድ እንደ እኛው ምድር የሚሰነጠቅባት አገር መሆኗን የጂኦግራፊ ተማሪዎች ያውቃሉ። የጥንቱን ዓለም መምሰል ያስፈለገው አዘጋጅ የተሰነጠቀ ምድር ፍለጋ መሄዱ ለእኛ ደስ የሚል ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ጉድለቱን ብንሸፍን ግን ለአንባቢ አልታመንም።

ትልቁ ጉድለት፣ ሊቃውንት የተባሉት ሰዎች እንደ ሊቅ አለመሥራታቸው ነው። ሆሎዌይ በማያውቀው ዓለም ዋሻ ውስጥ ገና እንደ ገባ አየሩ ይተነፈሳል ተብሎ የራስ መከላከያውን ያወልቃል። ስለ ተባዩ፣ ስለ በሽታው ማን አረጋገጠለት? የዋሻውን ካርታ በመሣሪያ ያስነሣው የድንጋይ ሊቅ ራሱ መውጫው ጠፍቶት ይቀራል። ሬሳ አይቶ የሸሸው የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ እባብ የሚመስል ሕያው ፍጡር ራሱን ቀና ሲያደርግበት እንደ ቤት ድመት ሊያሻሸው እጁን ይዘረጋል፤ በዚያውም ይሞታል። በቤተ ሙከራችን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጓንት ሳያጠልቅ አሲድ ቢነካ ከክፍል ይባረራል። በ2093 ለሰው ልጅ ታላቁን ጉዞ እንዲያደርጉ የተመረጡት ሰዎች ከእርሱ ያነሱ ሆነው ሲታዩ፣ ሞታቸው አያሳዝነንም። ያስቀናል እንጂ፤ «እንዲህ ዓይነት ሰውም ለካ ሥራ ያገኛል!» ያሰኛል።

ሁለተኛው ጉድለት በታሪኩ አሠራር ላይ ነው። ሠሪዎቹ ሰውን ከሠሩ በኋላ ለምን ሊያጠፉት ፈለጉ? አይነገረንም። ዳዊድ ለሆሎዌይ ያንን ጥቁር ፈሳሽ በመጠጥ ያጠጣው ምን ሊያውቅ ፈልጎ ነው? ግልጽ አይደለም። ሾው በማሽን ሆዷን አስቀድዳ፣ የበቀለባትን ነገር አስወጥታ፣ በስፌት ከታሸገች በኋላ ስትሮጥና ስትዘል ትታያለች። በነገራችን ላይ ያ ማሽን ለወንድ በሽተኛ ብቻ የተሰናዳ ነበር። እኅቶቻችን ይህን ሲያዩ «ሰማንያ ዓመት ወደ ፊት ሄደውም እኛን አላሰቡንም» ብለው ሲስቁ ሰምተናል። ማሽኑ ለባለጸጋው ሽማግሌ ታስቦ የመጣ መሆኑን ፊልሙ በኋላ ያስገምታል። ይህን አንዱን ነጥብ እንግዲህ ከጉድለት ሳይሆን ከብልሃት እንቆጥርለታለን።

ሦስተኛው ጉድለት ኋላ ተሠርቶ ፊት የሆነውን የሚተርክ ሥራ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያው «ኤሊየን» ያስፈራን ባለማወቃችን ነበር። ያ ከወንበሩ ጋር የበቀለ ሬሳ በአእምሯችን ውስጥ ስፍር ቍጥር የሌለው ምሥጢር ነበረው። «ፕሮሜቴዎስ» ደግሞ መጥቶ፣ ያ የዝሆን ኩምቢ የመሰለው ነገር የራስ ቍር እንደ ነበር፣ ከውስጡም ያለው ረጅም ነጭ ሰው እንደ ሆነ ነገረን። ተረት ነጋሪ አያት ተረቷን ጨርሳ ከተነሣች በኋላ ተመልሳ «ያ ጅብ እኮ ያጎታችሁ ውሻ ነበር» ብትለን የሚሰማንን ያህል ቅር አለን። ምሥጢርን መግለጥ የሚገባው ከምሥጢሩ የሚበልጥ ነገር ሲገኝ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በየትኛውም አገር ያለ ተመልካች ሊናገረው የሚችለው ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን የዚህ አገር ሰው ካልተናገረው ማን ይናገረዋል ብለን ነው።

ሁለቱ ሊቃውንት በመርከቡ ውስጥ የሰበሰቡትን ማስረጃ ሲያቀርቡ የጥንት ሕዝቦችን በስም ይጠራሉ። የግብፅ፣ የማያ፣ የሱመር፣ የባቢሎን፣ የሃዋይ፣ የሜሶፖታሚያ ይላሉ፤ በመጨረሻም በስኮትላንድ ስካይ ደሴት የተገኘውን 35 ሺሕ ዓመት የሆነውን ሥዕል ያሳያሉ። የታሪክ ተማሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይነቃል፤ ሱመርም ባቢሎንም ያሉት በሜሶፖታሚያ ነውና አንዱን አገር ሦስት ጊዜ ቈጥረውታል። እኛን ከዚህ ይበልጥ ያስገረመን ግን ያልተቈጠረው ነው። የሰውን መነሻ የሚፈልጉ ሰዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አፍሪካ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠሩትም።

እስቲ ከዚህ ከሻሸመኔ ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ እንጓዝ። ላንጋኖን በስተቀኝ ትተን ባቱ ወይም ዝዋይ ስንደርስ፣ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ከፍታ አለ። እዚያ ከባልጩት የተሠሩ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ270 ሺሕ ዓመት በላይ ነው። በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው አጽም በ2022 በወጣው ጥናት ቢያንስ ወደ 230 ሺሕ ዓመት ግድም ተገምቷል። በአፋር ሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። እዚያው አፋር በዲቂቃ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ያገኛት ሕፃኗ ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የአራሚሷ አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በዚሁ በምንኖርበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። የሰው አካል ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ እጁ እንዴት ድንጋይ መጥረብ እንደ ተማረ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ መዝገብ ከእግራችን ሥር ተቀምጧል። ሾውና ሆሎዌይ ግን የሰው ዘር ከነዚያ ግዙፎች ደም ጋር ፍጹም አንድ ነው ሲሉን፣ አርዲንና ድንቅነሽን ወዴት እንደሚያደርጓቸው አልነገሩንም። ከቺምፓንዚ ጋር የምንጋራው ወደ 98 በመቶ የሚደርስ የዘር ጽሕፈትስ ከየት መጣ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዳዊድ ከግዙፉ ሠሪ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ የሊቃውንቱ ግምት ውጤት የሆነው ጥንታዊው የህንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች እናት ነው። ይህ ቋንቋ ይነገር ነበር የሚባለው ከጥቂት ሺሕ ዓመታት በፊት ነው። ሰው ሰው ከሆነ ከሁለት መቶ ሺሕ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ የሠሪው አፍ የአውሮፓ ቋንቋዎች እናት ሆኖ መገኘቱ ለማን እንደሚመች አንባቢ ይፍረድ። ደራሲዎቹ ክፉ አስበው ነው አንልም። ሰው መነሻዬ ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው የራሱ ደጅ ነው፤ የእኛን ደጅ ደግሞ ሊያስበው የሚገባ ሌላ ሰው ሳይሆን እኛው ነን።

የጥንት ሰዎችን ሥራ ከሰማይ ለመጡ እንግዶች የመስጠት ሐሳብ በኤሪክ ፎን ደኒከን የ1968 መጽሐፍ ምክንያት በዓለም እንደ ተሰራጨ የታወቀ ነው። «ፕሮሜቴዎስ» የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። በልብ ወለድነቱ አንከሰውም። ነገር ግን ይህ ሐሳብ ከፊልም ወጥቶ መንገድ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ላሊበላን ያነጹት ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው የሚል ጸሐፊ አልጠፋም። አባቶቻችን መላእክት ረድተዋል ሲሉ መጥረቢያውን ከአገሬው እጅ አልነጠቁም፤ እነዚህ ግን ይነጥቃሉ። በጋደሞታ ባልጩቱን የጠረበው እጅ የማንም እንግዳ እጅ አልነበረም። በደቡቡ አገራችን ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ ኖረዋልና ዕውቀቱ ከዚህ ምድር አልራቀም።

አንድ ነገር ግን ፊልሙ ሳያስበው ለከተማችን ተናግሮልናል፤ ስለዚህም ነው ከሚስቁበት ወገን ያልሆነው። ሻሸመኔ ሰዎች መነሻቸውን ፍለጋ የመጡባት ከተማ ናት። በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ለቆሙት በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በዚህች ከተማ ዳር አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሌላም ስፍራ ባሕር ተሻግረው «አባቶቻችን የወጡበት ምድር ይህ ነው» ብለው የመጡ ሰዎች ጀማይካ ሰፈር ብለን በምንጠራው መንደር ልጅ ወልደው፣ ሽበት አብቅለው ኖረዋል። በ1975 የገጠር መሬት ሲወረስ የእነርሱም ተወረሰ። መታወቂያ እንዲሰጣቸው መንግሥት ያስታወቀው በ2017 ነው፤ መሬቱ ከተሰጠ 69 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አያቱ እዚህ የተቀበረ፣ አማርኛና ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ልጅ እስከዚያ ድረስ በሕግ ፊት እንግዳ ሆኖ ኖሯል።

በፊልሙ ውስጥ ለሺህ ዘመናት የተኛው ግዙፍ ሰው ሲነቃ፣ ሊጠይቁት የመጡትን አንድ ጊዜ አያቸውና ይገድላቸዋል። የጥያቄውን ትርጕም እንኳ ሊሰማ አልፈለገም። ፊልሙ የቆመው ከፈላጊዎቹ ጎን ነው። እኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የተፈላጊዎቹ ወገን ነን። ስለዚህ «የሠራህ ቢጠላህስ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሲደርስ ይገለበጣል፤ «ፈልገውህ የመጡትን እንዴት ተቀበልህ?» ይሆናል። በከተማችን እነዚያን ሰዎች ጎረቤት አድርጎ አብሯቸው ቡና የጠጣ ብዙ ነው። እንደ መዝናኛ ዕቃ አይቶ ከሩቅ የሣቀባቸውም ብዙ ነው። ከየትኛው ወገን እንደ ሆንን እያንዳንዳችን እናውቃለን።

የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ሾው ጓደኞቿ ሁሉ አልቀው፣ ሆዷ ተሰፍቶ፣ ወደ ምድር መመለስ ስትችል እምቢ ትላለች። የዳዊድን የተቈረጠ ራስ በቦርሳ ይዛ ወደ ሠሪዎቹ አገር ትሄዳለች፤ ለምን እንደ ጠሉን ልትጠይቃቸው። ተማሪ ማለት እንደዚህ ነው እንላለን። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ? ፊልሙ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም፣ ዝነኛው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ሙሉ አራት ኮከብ ቢሰጠውም፣ የብዙው ተመልካች ሳቅና ነቀፋ በዛበት። አዘጋጁም በ2017 «ኮቨናንት» በተባለው ተከታይ ፊልም ወደ ቀድሞው ጭራቅ ተመለሰ። ሾው በሁለቱ ፊልሞች መካከል ሞታ ተገኘች። ሠሪዎቹም ጥያቄዋ ሳይደርሳቸው በመርዝ አለቁ። ያ ፊልም በአሠራሩ የተስተካከለ፣ በጥያቄው ባዶ ነው፤ ያስገባውም ገንዘብ ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? በስሕተት የተሞላ ትልቅ ጥያቄና ስሕተት የሌለበት ባዶነት በሚዛን ቢቀመጡ እኛ የፊተኛውን እንመርጣለን። በክፍላችን ውስጥ እጁን አንሥቶ በተሰባበረ ቋንቋ የሚጠይቅ ተማሪ ሲሳቅበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እጁን አያነሣም። ሳቁ ስሕተቱን አላረመውም፤ ጥያቄውን ገደለው እንጂ። ስሕተት ሲገኝ ስሕተቱን በስሙ ጠርቶ መንቀፍ ተገቢ ነው፤ እኛም ከላይ ያለ ርኅራኄ ነቅፈናል። ጠያቂውን ማሸማቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሁለቱም ወገን ወዳጆቻችን እንግዲህ ፍርዳችንን ይስሙ። «ፕሮሜቴዎስ» በጥያቄው ትልቅ፣ በዳዊድ ሕያው፣ በምስሉ ያማረ ሆኖ፣ በሊቃውንቱ አሣሣል የወደቀ፣ በምሥጢር አያያዙ የሳተ፣ በመልክዓ ምድሩ ደግሞ እኛን የረሳ ፊልም ነው። መታየት ይገባዋል፤ መታመን ግን አይገባውም።

ለረሱን ሰዎች የሚሰጠው መልስ ቅሬታ ብቻ እንዳይሆን አንድ ሐሳብ አቅርበን እንጨርስ። በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የተባለውን የነገውን ዓለም የሚያሳይ ፊልም በአገራችን፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን፣ በአማርኛ ሠርቶ ነበር። ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» ሳይንስን ከጣና ገዳማት ጋር አጋጥሞ ሲጽፍ፣ የወደደውም የነቀፈውም ወጣት መጽሐፉን ከእጁ አልጣለውም። ስለዚህ ጉዳዩ አይቻልም የሚባል አይደለም። ከጋደሞታ የሚጀምር፣ ባልጩት የጠረበውን ሰው ስሙን ባናውቅም እጁን የሚያሳየን የልብ ወለድ ታሪክ ከዚህ ግቢ የማይወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? በሚቀጥለው ዕረፍት ቀን ወደ ዝዋይ የሚሄድ ቡድን ለማቋቋም የምትፈልጉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። ጉዞውን የሚመሩልን የታሪክና የጂኦሎጂ መምህራን ቢገኙ ምስጋናችን የላቀ ነው። ፍርዳችንን የምትቃወሙም ጻፉልን፤ ወረቀቱና ቀለሙ እስካለ ድረስ ሳንቈርጥ እናወጣዋለን።

አዘጋጆቹ